በግርጌ የተተከለ ድንጋይ

ደባርቅ ላይ ሰው ሁለት ስም አለው፤ እናቱ ያወጣችለትና ገበያው የሚጠራበት። ኢንጂነር ገሠሠ አለምነህን ገበያው የሚያውቀው "የዘቢደር ወንድም" ብሎ ነው። ሃያ ዓመት ሙሉ መንገድ ቀይሶ፣ ድልድይ ሠርቶ፣ ኋላም የክልል ምክር ቤት አባል ሆኖ ባሕር ዳር እየተመላለሰ እጁን ሲያወጣና ሲያወርድ ኖሮ፣ ይሄን ሁሉ ሆኖ ሲያበቃ፣ ቅዳሜ በገበያው መሀል ሲያልፍ በግ ሻጩ ለበግ ገዢው "ያውልህ፣ የዘቢደር ወንድም" ብሎ ያሳየዋል። እሱም አይከፋውም ነበር። እህቱን ይወዳታል፤ ደግሞስ በማን ወዝ ተመረጠና ነው የሚከፋው።

ዘቢደርን ማስተዋወቅ ጊዜ ማባከን ነው። አዲስ አበባ ትኑር እንጂ ከጎንደር ደባርቅ የሚመላለስ ሚኒባስ እሷን ሳያዘፍን ሞተር አያስነሣም። ከዘፈኖቿ ሁሉ ደግሞ ያ ስለ አባቷ የዘፈነችው አለ፤ ተሳፋሪው በመስኮት ወደ ውጭ የሚያይ እየመሰለ ዓይኑን የሚጠርግበት።

ከዳገቱ ወርዶ አጠገቤ ተኛ፣
ከእንግዲህ አባዬ አይደለም ብቸኛ።

ይቺ ስንኝ ስትመጣ ገሠሠ ቀኝ እጁን ኪሱ ውስጥ ይከታል። ሚስቱ እሌኒ "ምን ሆነሃል፣ እጅህን በረደህ?" ብላ ጠይቃው ታውቃለች። "አዎ፣ ደባርቅ መቼ ይሞቃል" ብሏት አለፈ። ውሸቱን ነው። እጁን ያስከተተው ብርድ አልነበረም።

ወንድምና እህት የተወለዱት ጓሳ ሜዳ ነው። ጓሳ ሜዳ ከሳንቃ በር በላይ፣ ገደሉ አፋፍ ላይ የነበረች የገብስ አገር ናት። ነበረች ነው የምንለው፤ ዛሬ ሰው የለባትም። አባታቸው አለምነህ በቁመቱ የተመሰከረለት ሰው ነበር፤ በሚካኤል ደጃፍ ጎንበስ ሳይል አይገባም፣ ለቤት የሚሆን ምሰሶ ብቻውን ተሸክሞ ዳገት ይወጣል። ገሠሠ ዘጠኝ፣ ዘቢደር አራት ዓመት ሲሞላቸው በሦስት ቀን ሕመም ሞተ። እናታቸው ሁለቱንም ይዛ ዳባት ወንድሟ ቤት ገባች፤ ከዚያ ወዲያ ወደ ላይ የወጣ የለም። ገሠሠ የመንደሩን ነገር በልጅ ዓይኑ ካየው በላይ ሳያውቀው አደገ። ዘቢደር ደግሞ ጭራሽ የአባቷን ፊት አታስታውስም። ፎቶግራፍ የሚባል ነገር ቤታቸው ገብቶ አያውቅም። "ገሡ፣ አባዬ ምን ይመስል ነበር?" ስትለው "ረጅም" ይላታል። "ሌላስ?" ትላለች። ሌላ የለውም፤ ረጅም ብቻ።

ዳባት ተምሮ፣ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ኢንጂነር ሆነ። እንግዲህ ይሄ ሰው ሲለካ ማየት ነው። ሜትር ከኪሱ አይለይም። ወዳጁ አዲስ ቤት ሠርቶ ሊያስመርቅ ቢጠራው፣ ሁሉ ሰው "እንኳን ደስ ያለህ" እያለ ሲገባ እሱ የበሩን መቃን ለክቶ "ሁለት ሴንቲ ዘሟል" አለ። ግብዣው በዚያው ቀዘቀዘ። እሌኒም "እኔንም ለክተህ ነው ያገባኸኝ" እያለች ታበሽቀዋለች። ለክቶ ያላረጋገጠውን ነገር አፉን ሞልቶ አይናገርም፤ ሰውም ያመነው በዚህ ነው። ገሠሠ ከለካው በቃ፣ ተለካ።

መንደሯ የፓርኩ ክልል ናት ተብሎ ሕዝቡ ወደ ደባርቅ ዳር ሲወርድ አዲሱን ሰፈር የቀየሰው እሱ ነበር። ቦታ ደረሳቸው፣ ቧንቧ ገባላቸው፣ አዲስ ሚካኤል ተተከለላቸው። ሰዎቹ ግን ሰንበቴ ላይ ሲሰበሰቡ አንድ ነገር ብቻ ነው የሚያነሡት፤ "እኛስ ወረድን፣ ሙታኖቻችንስ?" ይላሉ። እዚያ ላይ ዝንጀሮና ነፋስ ብቻ ነው የቀረው፤ ተዝካር የሚያወጣ፣ እጣን የሚያጨስ የለም። ገሠሠ ተነሣና "አወርድላችኋለሁ" አለ። አንድ ዓመት ከቢሮ ቢሮ ተንከራተተ፤ ከቤተ ክህነትም ከፓርኩም አስፈቀደ። ፈቃዱ ግን ለሁለት ሳምንት፣ ለአንድ ጊዜ ብቻ ነበር።

ዐሥራ ዘጠኝ መቃብር ነበር። ቤተሰብ ሁሉ የራሱን ሙት በራሱ እጅ ያወጣል ተባለ፤ ማን የት እንደተኛ ከቤተሰቡ በላይ የሚያውቅ የለምና። ሁለቱን መቃብር ማውጣት ግን በገሠሠ ላይ ወደቀ። አንዱ የአለምነህ ነው፤ እሱን ልጁ ገሠሠ ራሱ ያወጣል። ሁለተኛው ዓለምዬ የምትባል ልጅ ናት፤ አለምነህ በሞተ በአራተኛው ዓመት፣ በዐሥራ አራት ዓመቷ የሞተች። ለእናቷ ለእማማ ጤናዬ አንድያ ልጅ ነበረች፤ ከእሷ በፊትም ከእሷ በኋላም አልወለዱም። እማማ ጤናዬ በዚያ ሰሞን ዳሌያቸው ተሰብሮ ጎንደር ሆስፒታል ተኝተዋል። ገሠሠ ስልክ ደወለላቸው።

"ልጄ፣ አንተ ካለህ ምን አስቸገረኝ" አሉት። "የአባትህን ድንጋይ ታውቀው የለ፣ መስቀል የተቀረጸበትን? በምሥራቅ በኩል ከእሱ ቀጥሎ ያለው ትንሹ ድንጋይ የሷ ነው። አደራህን፣ ቀስ ብለህ አውጣት።"

"በእጄ ነው የማወጣት፣ እማማ" አላቸው።

ያሉት ሁሉ እውነት ነበር። አንድ ነገር ብቻ አልነገሩትም፤ ያልነገሩትም የጓሳ ሜዳ ሰው ሆኖ ያንን የማያውቅ ይኖራል ብለው ስላላሰቡ ነው። ፀሐይ በምሥራቅ ትወጣለች ብሎ ለሰው የሚናገር አለ እንዴ? እሱም አልጠየቀ። ፕላን ነበረዋ። መቃብሩን በወረቀት ላይ ነድፎ፣ ለድንጋዮቹ ቁጥር ሰጥቶ፣ የአባቱን ዐሥራ ሰባት፣ የልጅቱን ዐሥራ ስምንት ብሎ ጽፏል።

ዘቢደር ካሜራ አስይዛ የምትመጣበት ቀን ተቆርጦ ስለነበር ገሠሠ ሣጥኑን አስቀድሞ ለማዘጋጀት ከሌሎቹ በፊት ወጣ። ከደባርቅ ሁለት የቀን ሠራተኛና አንድ ወጣት ቄስ ይዞ ነው የሄደው፤ የጓሳ ሜዳ ሰው አንድም አብሮት የለም። ሙት ራሱ ወደ ምዕራብ፣ እግሩ ወደ ምሥራቅ ሆኖ እንደሚተኛ ማንም ያውቃል። ድንጋይ ደግሞ ደባርቅም ሆነ ዳባት፣ እሱ ባየው መቃብር ሁሉ በራስጌ ነው የሚቆመው። ስለዚህ ከድንጋዩ ወደ ምሥራቅ ለካና "እዚህ ጋ" አለ። ቄሱ ጸሎት አደረሱ፣ ሠራተኞቹ ቆፈሩ።

አጥንት ተገኘ። ገሠሠ ጉድጓዱ ውስጥ ወርዶ የጭኑን አጥንት በቀኝ እጁ አነሣው። ቀለለው። ቀጭንና አጭር ነበር፤ ጫፉን ከጉልበቱ ቢያስጠጋው ሌላው ጫፍ ዳሌው ጋ አይደርስም።

ከሠራተኞቹ አንዱ "ጌታው፣ አባትዎ አጭር ሰው ነበሩ?" አለው።

"አጥንት ሲቆይ ይሟሟል" አለ ገሠሠ።

ሜትሩ ኪሱ ውስጥ ነበረ። ስንት ሰው በር ላይ ያወጣት ሜትር፣ ያን ቀን አላወጣትም። ዘቢደር መንገድ ላይ ናት፣ ሕዝቡ እየጠበቀ ነው፣ ሣጥኑ ተከፍቷል። አጥንቱን በነጭ ጨርቅ ጠቅልሎ አስገባው።

ቀጥሎ ከትንሹ ድንጋይ በስተምሥራቅ አስቆፈረ። አንድ ሜትር ወረዱ፣ ምንም የለ። ሁለት ሜትር ወረዱ፣ ዶማው አለት መታ። ገሠሠ አፈር የሚያውቅ ሰው ነው፤ ተቆፍሮ የተመለሰ አፈርና ከጥንት ጀምሮ እጅ ያልነካው አፈር አንድ እንዳልሆነ ማወቅ እንጀራው ነው። ያ አፈር እጅ ነክቶት አያውቅም ነበር። አየው፣ በጣቱ ፈረፈረው፣ ሆዱ አንድ ነገር ሊለው ሲል ዝም አሰኘው። "አፈር ሆናለች፣ ሕፃን ናት" አለና ሁለቱንም ጉድጓድ አስደፍኖ፣ በሌላ ጨርቅ አፈር ቋጥሮ ወረደ።

የደባርቁን ቀን ያየ ሰው እስከ ዛሬ ያወራዋል። ዐሥራ ዘጠኙ ሣጥን በጥላና በመስቀል ወደ አዲሱ ሚካኤል ገባ። ዘቢደር ጥቁር ለብሳ፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ የአባቷን ሣጥን ተከትላ ስታለቅስ ካሜራው ፊቷ ላይ ነበር፤ ግን ለካሜራ ብላ አይደለም የምታለቅሰው። ዕድሜዋን ሁሉ ስትፈልገው የኖረችው አባት መጣላት። መቃብሩን በነጭ እብነ በረድ አሠራችው። ዘፈኑም ከዚያ በኋላ መጣ፤ አገር አለቀሰ። ከሩቅ የመጡ ሰዎች ሳይቀሩ መቃብሩ ጋ ቆመው ፎቶ ይነሣሉ፣ ሻማ ያበራሉ። በዓመቱ ምርጫ ሆነና ሰው ምን አለ? "ሙታናችንን ያወረደልን ሰው እያለ ማንን ልንመርጥ ነው" አለ። ገሠሠ እንዲህ ሆኖ ነው ምክር ቤት የገባው።

እማማ ጤናዬ ከሆስፒታል ተመልሰው በምርኩዝ መጡ። ልጃቸው ያረፈችበት የአፈር ክምር ከአለምነህ እብነ በረድ ጎን ነው፤ ትንሽ መስቀል ተተክሎበታል። እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እዚያ ይቀመጣሉ። ዳሌያቸው ስለማያስቀምጣቸው ጀርባቸውን በእብነ በረዱ ያስደግፋሉ፤ ፊታቸው ወደ አፈሩ ነው። ያለቅሱ ነበር ማለት ያስቸግራል። ዝም ብለው ያዩታል፤ እንደማያምኑት ሰው ያዩታል።

አንድ ቀን ቢሮው ድረስ መጡ።

"ገሠሠ ልጄ፣ እዚያ ውስጥ ልጄ የለችም" አሉት።

"አፈር ሆናለች፣ እማማ። ዕድሜዋ ትንሽ ስለነበር ነው።"

"አባትህ ከሷ አራት ዓመት ቀድሞ ነው የተቀበረው። የእሱ አጥንት ቆይቶ የሷ እንዴት አፈር ይሆናል?"

"ትልቅ ሰው አጥንቱ ይጠነክራል" አለ፤ አፉ ውስጥ ገለባ የያዘ ይመስል ተናገረው። እማማ ጤናዬም "እንግዲህ አንተ የተማርክ ነህ" ብለው ወጡ። ከዚያ በኋላ ስለዚህ ነገር ደግመው አልጠየቁትም። ሲያገኙት ግንባሩን ስመው ይመርቁታል፤ እሱ ደግሞ አሜን ሳይል ያልፋል።

ሁለት ዓመት በዚህ ሄደ። ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ ከምክር ቤቱ የተላከ ቡድን ጓሳ የሚባለው የደጋ ሣር እንዴት እንዳገገመ ሊያይ ወደ ላይ ሲወጣ ገሠሠም አብሮ ሄደ። ከአገር ሽማግሌ ደግሞ መሪጌታ ሰይፈ ሥላሴ በበቅሎ መጡ። መሪጌታ ዓይናቸው ከደከመ ቆይቷል፤ ጓሳ ሜዳን ግን በዱላቸው እየዳሰሱ እንኳ አይሳሳቷትም። ቡድኑ ምሳ ሲበላ ሁለቱ ወደ ቀድሞው መቃብር ሄዱ።

ድንጋዮቹ እንዳሉ ናቸው። ጉድጓዶቹም ሣር እየበቀለባቸው ይታያሉ። ገሠሠ የቀያሽ ዓይኑን ሣሩ ላይ ጣል ሲያደርግ አንድ ነገር አየ። ከዐሥራ ዘጠኙ ዐሥራ ሰባት ጉድጓዶች ከየድንጋያቸው በስተምዕራብ ነው የተቆፈሩት። ሁለቱ ብቻ በስተምሥራቅ ናቸው። እነዚያ ሁለቱ እሱ ያስቆፈራቸው ናቸው።

"መሪጌታ" አለ። "ድንጋዩ በራስጌ አይደለም የሚቆመው?"

"ወዲያ! በግርጌ ነው እንጂ" አሉ መሪጌታ። "የሌላው አገር በራስጌ ይተክል ይሆናል። የኛ ሰው ከጥንትም በግርጌ ነው። በምጽአት ቀን ሙት ሲነሣ ፊቱ ወደ ምሥራቅ አይደል? እንደተነሣ ድንጋዩን ጨብጦ እንዲቆም ብለው ነው አባቶች የተከሉት። ይሄንንማ ሕፃን ያውቀዋል።"

ገሠሠ መስቀል ወደተቀረጸበት ድንጋይ ሄደ። የአባቱ ድንጋይ ነው። በምሥራቁ በኩል እሱ ያስቆፈረው ጉድጓድ አለ፤ ከጉድጓዱ ማዶ የልጅቱ ትንሽ ድንጋይ ቆሟል። የተቆፈረችው ዓለምዬ ናት፤ በእናቷ ቃል መሠረት ከአለምነህ ቀጥላ የተኛችው፣ ትንሹ ድንጋይ በእግሯ በኩል የተተከለላት። በአባቱ ስም ሣጥን ውስጥ የገባችው፣ እብነ በረድ የለበሰችው፣ አገር ያለቀሰላት እሷ ናት። ከአባቱ ድንጋይ በስተምዕራብ ግን ሣሩ አልተነካም። ገሠሠ እዚያ ላይ ነበር የቆመው። አባቱ ከእግሩ ሥር ነው።

ፈጥኖ ከሣሩ ላይ ፈቀቅ አለ። መሪጌታ "ምነው፣ ምን ሆንክ?" አሉት። "ነፋሱ ነው፣ መሪጌታ" አላቸው።

እንግዲህ እዚህ ላይ ሰው ምን ያደርጋል? ወርዶ በዚያው ቀን መናገር ነው። አልተናገረም። ነገ እነግራቸዋለሁ አለ፣ ነገው ሌላ ነገ ወለደ። ብነግራቸው መቃብሩ ሊከፈት ነው፤ ዘቢደር ምን ልትሆን ነው? ፈቃዱ ለአንድ ጊዜ ብቻ ነበር፤ አባቴን በምን አወርደዋለሁ? ሕዝቡስ ምን ይለኛል? ሲያስብ ቆየና ሐሳቡ ልማድ ሆነበት። ያ አጥንት ግን ከእጁ አልወጣም። ማስመሪያ ሲያነሣ እሱ ነው፤ የበር መወርወሪያ ሲስብ እሱ ነው፤ ኮልታፋዋ ሕፃን ልጁ የመጫወቻ ዱላ ስታቀብለው ደንግጦ ጣለው። ሚኒባስ ውስጥ ዘፈኑ ሲከፈት "ዝጋው" ማለት አይችልም፤ የእህቱን ዘፈን ዝጋው የሚል ወንድም የት ይገኛል? እጁን ኪሱ ውስጥ ከትቶ እስከ ጎንደር ይሄዳል።

ከሁሉ የባሰው እሑድ ነው። ከቅዳሴ ሲወጣ እማማ ጤናዬ እንደ ወትሯቸው ተቀምጠዋል። ጀርባቸው ልጃቸውን ተደግፏል፤ ፊታቸው ማንም የሌለበት አፈር ላይ ነው። እንዲህ ያለውን ነገር አይቶ የሚያልፍ ሰው ምን ዓይነት ሰው ነው? ገሠሠ ራሱን ይሄንኑ ይጠይቃል። ጠይቆም ያልፋል። ሃያ እሑድ አለፈ።

በመስቀል ማግስት የሰፈሩ ሴት እየሩስ፣ የእማማ ጤናዬ ጎረቤት፣ ቤቱ እያለከለከች መጣች። "ጋሼ ገሠሠ፣ እማማን ተዉ በሏቸው። ጓሳ ሜዳ ልወጣ ነው ብለዋል፤ በግና ዶሯቸውን ለሰው ሰጥተው በቅሎ ተከራይተዋል። 'ልጄ እዚያ ብቻዋን ቀርታለች፣ ከሷ ጋር ልቀመጥ' ነው የሚሉት። በዚያ ብርድ ሦስት ቀን አይቆዩም፣ ይሞታሉ። ነገ ጧት ነው የሚነሡት" አለችው።

ገሠሠ መጀመሪያ ለዘቢደር ደወለ። ሁሉንም ከመቃብሩ ቁፋሮ ጀምሮ ነገራት።

"ሰማሁህ" አለች። "ገሡ፣ እኔ አባዬን የማውቀው እዚያ መቃብር ላይ ብቻ ነው። ሌላ አባት የለኝም።"

"አውቃለሁ።"

"አትንገራቸው አልልህም። ሴትዮዋ ሊሞቱ ነው፤ እንዴት ብዬ ነው የምልህ። ግን ንገራቸውም ብዬ አፍ አውጥቼ አልናገርም። ራስህ አድርገው።" ስልኩን ዘጋች።

በማግስቱ ጧት እማማ ጤናዬን ከከተማው መውጫ፣ ወደ ሳንቃ በር በሚወስደው መንገድ ዳር ደረሰባቸው። በቅሎ ላይ ተቀምጠው ጋቢያቸውን ተከናንበዋል፤ በቅሎውን የሚስበው አንዱዓለም የሚባል የመንደራቸው ሰው ነው። ገሠሠ የበቅሎውን ልጓም ያዘ።

"ልትከለክለኝ ነው የመጣኸው?" አሉት።

"አይደለም፣ እማማ። ዓለምዬ እዚያ የለችም።"

"አፈር ሆናለች ልትለኝ ከሆነ ሰምቻለሁ።"

"አልሆነችም። እዚህ ናት። በአባቴ ስም የተቀበረችው እሷ ናት። ድንጋዩ በራስጌ መስሎኝ ከምሥራቁ በኩል ቆፈርኩ። አባቴን ትቼ እሷን አወጣኋት። የሚደገፉበት እብነ በረድ የሷ ነው።"

አንዱዓለም አማተበ። እማማ ጤናዬ እጃቸውን ዘረጉና ገሠሠ አቅፎ አወረዳቸው። መንገድ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀመጡ።

"በእጅህ ነው ያነሣሃት?" አሉ።

"በእጄ ነው።"

"ከበደችህ?"

"ቀላል ነበረች፣ እማማ።"

"ቀላል ነበረች" አሉ እሳቸውም። "ታማ ሳለች አዝያት ሐኪም ቤት ለመድረስ አዲ አርቃይ ድረስ ወርጃለሁ። አልከበደችኝም።" ከዚያ ቀና ብለው አዩት። "መቼ ነው ያወቅኸው?"

ይቺን ጥያቄ ነበር የፈራት። ሊዋሽ ይችል ነበር፤ ትናንት ቢላቸው ማን ይመሰክርበታል? "ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ" አላቸው።

እማማ ጤናዬ በጣቶቻቸው ቆጠሩ። እየቆጠሩ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። "ሃያ እሑድ" አሉ በመጨረሻ። "ሃያ እሑድ ሙሉ ጀርባዬን ለልጄ ሰጥቼ ስቀመጥ እያየኸኝ አለፍክ።"

ገሠሠ መንገዱ ላይ ተንበረከከ። እንባው ጺሙን አርሶታል፤ በዚያ ሰዓት መንገደኛው ሁሉ ቆሞ የምክር ቤት አባሉን ያይ ነበር፤ ለማን ግድ አለው። "መቃብሩን ዛሬውኑ አስከፍታለሁ። ወደ ስፍራዋ አዛውራታለሁ" አላቸው።

"ማንም እንዳይነካት። አንዴ ከእንቅልፏ ቀስቅሳችኋታል፣ ይበቃታል። ስሟን ብቻ ጻፍላት።" ምርኩዛቸውን ተደግፈው ተነሡ። "ስማኝ ልጄ። ስሕተቱን ከልቤ ይቅር ብዬሃለሁ። ያገራችንን ነገር ሳታውቅ አሳደጉህ፤ እኔም አልነገርኩህም፣ ጥፋቱ የጋራችን ነው። ሃያውን እሑድ ግን ይቅር ለማለት ገና ነኝ። ልሞክር። ካቃተኝ አትዘንብኝ።"

ወደ ሚካኤል በእግራቸው ሄዱ፤ በቅሎው ላይ ውጡ ቢሏቸው እምቢ አሉ። መቃብሩ ጋ ሲደርሱ እንደ ልማዳቸው አልተደገፉም። ፊታቸውን ወደ እብነ በረዱ አዙረው ተቀመጡና ሁለት እጃቸውን በላዩ ዘረጉ። ያን ጊዜ ነው ያለቀሱት።

ገሠሠ በዚያው ሳምንት ሰንበቴ ላይ ቆሞ ለሕዝቡ ሁሉ ነገረ። አንዳንዱ አዘነለት፣ አንዳንዱ ተሳደበ፤ ለሁለተኛው ምርጫ ስሙን ያነሣ የለም። የአባቱን ስም ከእብነ በረዱ ላይ ራሱ ፍቆ የዓለምዬን ስም አጻፈ። ዘቢደር ስትመጣ ከማንም ቀድማ እማማ ጤናዬ ዘንድ ሄደች። እሳቸውም እጇን ይዘው "ለልጄ አገር አስለቀስሽላት፣ እኔ ብቻዬን መቼ እችል ነበር" አሏት። እሷ ግን ያንን ዘፈን ከዚያ ወዲያ መድረክ ላይ አልዘፈነችውም። አባታቸው እስከ ዛሬ እላይ ነው። ገሠሠ ለሁለተኛ ፈቃድ ጽፏል፤ ጊዜውም አልሆነ፣ መንገዱም አልሆነ፣ መልስ አልመጣም።

እማማ ጤናዬ እስከ ጥር ቆዩ። ገሠሠ እሑድ እሑድ ከቅዳሴ ሲወጣ ሄዶ አጠገባቸው ይቆማል። ሰላም ይሉታል፣ ስለ ሚስቱና ስለ ልጁ ይጠይቁታል፣ ጋቢያቸው ሲወርድ ያለብሳቸዋል። ያቺን ነገር ግን እሱ አይጠይቅም፣ እሳቸውም አያነሡም። ከጥምቀት በኋላ ሲደክሙ የንስሐ አባታቸው ያስቀየመዎት ካለ ይቅር ይበሉ ቢሏቸው፣ ጎረቤቱን ሁሉ አንድ በአንድ እየጠሩ ይቅር አሉ። ገሠሠ በሩ ላይ ቆሞ ስሙን ይጠብቅ ነበር። እማማ ጤናዬ አዩት፤ ከንፈራቸውን ከፈት አደረጉ፣ ብዙ ታገሉ። "ሞክሬ ነበር" አሉት።